የታገደ ተማሪ የት ይውላል? የማኅበረሰብ አገልግሎት እንደ እገዳ አማራጭ በመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዙሪያ

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የእገዳ ቅጣት ብዙ ጊዜ በደብዳቤ አይጀመርም። የሚጀመረው «ወላጅ ይዘህ ና» በሚል ትእዛዝ ነው። ጥፋቱን የክፍል ኃላፊው መምህር ወይም ዩኒት መሪው ይመዘግባል፤ ተማሪው ደብተሩን ሰብስቦ ከግቢ ይወጣል፤ ወላጁ ወይም አሳዳጊው እስኪቀርብ ድረስም ወደ ክፍል አይገባም። ወላጁ በማግሥቱ ከመጣ እገዳው የአንድ ቀን ነው። በሳምንቱ ከመጣ የሳምንት ይሆናል። ጨርሶ ካልመጣ ደግሞ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ሳይሰበሰብ፣ ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ፣ ማንም «ተባሯል» ብሎ ሳይፈርም ተማሪው ትምህርቱን አቋርጦ ይቀራል። ኮሚቴ ተነጋግሮበት ለተወሰኑ ቀናት ወይም ለዓመቱ የሚሰጠው መደበኛ እገዳ ከዚህኛው ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ሁለቱም ግን አንድ ጠባይ ይጋራሉ፤ የቅጣቱ ይዘት ትምህርት ማጣት ብቻ ነው፤ ተማሪው በዚያ ጊዜ የት እንደሚውልና ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ የለም።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያንን ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ለምርመራው የተመረጠው ቦታ የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክና በዙሪያው ያለው ሰፈር ሲሆን፣ ምክንያቱም ቀላል ነው። ከትምህርት ቤት በር የወጣ የ16 ዓመት ልጅ ቀጥሎ የሚያንኳኳው በር የትኛው እንደሚሆን በዚህ አካባቢ መገመት አያስቸግርም።

የጠፉት ዓመታት

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶችን አዘጋ። በሌሎች ክልሎች በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ትምህርት ሲቀጥል፣ ትግራይ ውስጥ ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተቀሰቀሰ። ከዚያ በኋላ ብዙ የትምህርት ሕንፃዎች ወደሙ፣ ተዘረፉ፣ ሌሎችም የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ፤ በመቐለ እንደ ማይ ወይኒ ያሉ ትምህርት ቤቶች ከተማሪ ይልቅ በቤተሰብ ተሞልተው ነበር። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ትምህርት በስፋት መመለስ የጀመረው በዚያው ዓመት ጸደይ አልፎ በበልጉ ወራት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲጠባበቁ የቆዩት የክልሉ ተማሪዎች ለፈተና የተቀመጡትም በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነበር። በድምሩ ሦስት የትምህርት ዓመት ገደማ ከአንድ ትውልድ ላይ ተቀንሷል።

ይህ መዘግየት ከክፍል እገዳ ጋር ያለው ግንኙነት በዕድሜ በኩል ነው። በመደበኛው ሁኔታ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የ13 ዓመት ልጅ ነው። ከሦስት ዓመት መቋረጥ በኋላ በዚያው ክፍል የሚገኘው ተማሪ 16 ሊሞላው ይችላል። የ13 ዓመት ልጅ ለአምስት ቀን ሲታገድ ቤት ይውላል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ምናልባት እናቱን ያግዛል፤ በስድስተኛው ቀን ይመለሳል። የ16 ዓመቱ ልጅ ሌላ ምርጫ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ዝቅተኛው የሥራ መግቢያ ዕድሜ 15 ዓመት ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዳይሰማራ፣ ትርፍ ሰዓትም እንዳይሠራ ተከልክሏል፤ ሥራ መያዙ ግን አልተከለከለም። ስለዚህ በሕግ ዓይን ልጁ ለእገዳም ለቅጥርም ደርሷል። ሥራ ባይገኝ እንኳ ከምሥራቅ ትግራይ በአፋር በኩል ወደ ቀይ ባሕር ማዶ የሚወስደው የስደት መንገድ ለዚህ ዕድሜ እንግዳ አይደለም።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ ድርሻ

የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከኮምቦልቻው ጋር በተከታታይ ቀናት ተመረቀ። ዋና መስኩ ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ሲሆን፣ በአገሪቱ እንዳሉት ተመሳሳይ ፓርኮች ሁሉ ሠራተኞቹ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከገጠር ወረዳዎች የመጡ። ጦርነቱ ሥራውን አቋረጠው፤ ከስምምነቱ በኋላም ወደ ቀድሞ አቅሙ መመለስ ጊዜ የሚጠይቅ ጉዳይ ሆኗል። ፋብሪካዎቹ ሲሠሩ ፓርኩ ለታገደ ተማሪ የሚታይ መውጫ ነው፤ ሲቆሙ ደግሞ ያው መውጫ ተዘግቶ የቀረው ጎዳናና ስደት ብቻ ይሆናል። እገዳ በሁለቱም ሁኔታ ልጁን ወደ ተመሳሳይ ጠርዝ ይገፋዋል።

ከዚህ ይበልጥ የተሰወረው ግንኙነት ግን በአሳዳጊዎች በኩል ያለው ነው። በከተማዋ ከገጠር መጥተው ከታላቅ እህት ወይም ወንድም ጋር ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ብዙ ናቸው። በጦርነቱ ወላጅ ላጡትም «ወላጅ» ማለት ብዙውን ጊዜ ያችው እህት ናት። እህቲቱ በስፌት መስመር ላይ የምትሠራ ናት እንበል። ወንድሟ መስኮት ሰብሮ ወይም ከጓደኛው ጋር ተደባድቦ «ወላጅ ይዘህ ና» ተባለ። ትምህርት ቤቱ የሚያስተናግደው በሥራ ሰዓት፣ እሷም የምትሠራው በሥራ ሰዓት ነው። አዋጁ ለጋብቻ፣ ለሐዘንና ለመሰል ጉዳዮች ፈቃድ ሲሰጥ፣ ለትምህርት ቤት ጥሪ የሚሆን ፈቃድ በስም አልጠቀሰም። ያለ በቂ ምክንያት የቀረችበት ቀን ደመወዝ ይቆረጥበታል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጣት በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን ከቀረች ውሏ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊቋረጥ ይችላል፤ በተመሳሳይ ሁኔታ ስምንት ጊዜ ማርፈድም እንዲሁ። ትምህርት ቤቱ ወንድሟ ላይ የጣለው ቅጣት በእርሷ የቅጥር መዝገብ ላይ ይጻፋል ማለት ነው።

የደመወዙ መጠን ሲታሰብ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት የንግድና ሰብአዊ መብት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጣው ሪፖርት የጀማሪ ሠራተኛን መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር አድርጎ አስቀምጧል፤ ሠራተኞች በብዛት ሥራ እየለቀቁ መሄዳቸውንም ዘግቧል። በዚህ ዓይነት ገቢ ለምትኖር ሴት የአንድ ቀን ቅናሽ ትንሽ ነገር አይደለም። እህቲቱ ሳትመጣ ብትቀር ትምህርት ቤቱ «ግድ የማይሰጠው ቤተሰብ» ብሎ ይመዘግባት ይሆናል። ግድ የማጣት ጉዳይ አይደለም፤ ሁለት ተቋማት ተመሳሳዩን የሥራ ሰዓት ይፈልጋሉ፤ ሳይነጋገሩም ሁለቱም አንዲትን ሴት ይቀጣሉ።

ሕጉ አስቀድሞ የሚያውቀው አማራጭ

የማኅበረሰብ አገልግሎት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ተቃውሞ «ይህ የውጭ ሐሳብ ነው» የሚል ነው። ተቃውሞው የአገሪቱን የወንጀል ሕግ ከማየት የመጣ አይመስልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 ዓመት ለሆኑ ወጣት ጥፋተኞች ልዩ እርምጃዎችን ይደነግጋል። ከእነዚህ መካከል አንቀጽ 161 ቀላል ጥፋት ለፈጸመና ይታረማል ተብሎ ለሚገመት ወጣት የተዘጋጀ ነው፤ ወጣቱ በትርፍ ሰዓቱ ወይም በበዓላት ቀን በትምህርት ቤት ወይም በቤቱ እንዲቆይና ለዕድሜውና ለሁኔታው የሚስማማ የተወሰነ ሥራ እንዲያከናውን ፍርድ ቤት ያዛል፤ ጊዜውንም ይወስናል፤ አፈጻጸሙንም ይቆጣጠራል። ተመሳሳይ እርምጃ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ውስጥ ነበረ። የቀድሞው ሕግ ለወጣቶች የግርፋት ቅጣትንም ይፈቅድ ነበር። የ1996ቱ ሕግ ግርፋቱን ጣለ፤ የትምህርት ቤቱን ሥራ ግን አቆየ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። የወንጀል ጥፋት ፈጽሞ ዳኛ ፊት የቀረበ የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ሳይለይ፣ በትርፍ ሰዓቱ ሥራ ተሰጥቶት ሊታረም ይችላል። በክፍል ውስጥ የተሳደበ ወይም ዴስክ የሰበረ እኩያው ግን ለሳምንት ከትምህርት ይወጣል። ትንሹ ጥፋት ከትልቁ ይልቅ ከትምህርት ያርቃል። ይህ የታቀደ አለመሆኑ ግልጽ ነው፤ የሕጉና የትምህርት ቤቱ ልማድ ተገናዝበው ስለማያውቁ የተፈጠረ ክፍተት ነው።

በእርግጥ አንቀጽ 161 ለዳኛ እንጂ ለርእሰ መምህር የተሰጠ ሥልጣን አይደለም። ትምህርት ቤት የራሱን መንገድ ሲቀይስ ሕገ መንግሥቱን ማየት አለበት። አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣትና ጭካኔ ከተሞላበት አያያዝ ነፃ መሆናቸውን፣ እንዲሁም ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዲሠሩ አለመገደዳቸውን ይደነግጋል። አንቀጽ 18 ደግሞ ማንም ሰው በኃይል ተገዶ ወይም ግዴታ ለማሟላት ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ከክልከላው ውጭ ከሚያደርጋቸው አንዱ ማኅበረሰቡ በአካባቢው በፈቃዱ የሚያከናውነው የልማት ሥራ ነው። ከሁለቱ አንቀጾች የሚወጣው ትርጉም ይህን ይመስላል፦ ትምህርት ቤት ለተማሪው አገልግሎትን በአማራጭነት ሊያቀርብለት ይችላል፤ ተማሪውና አሳዳጊው ሊቀበሉት ወይም መደበኛውን የሥነ ሥርዓት ሂደት ሊመርጡ ይገባል፤ የተመረጠውም ሥራ የትምህርት ሰዓት አይነካም። ያለ ፈቃድ የተጫነ ሥራ ስሙ ምንም ይሁን ምን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ለመጋጨት ቅርብ ነው።

አገልግሎትና የጉልበት ቅጣት

በወረቀት ላይ ቀላል የሚመስለው በግቢ ውስጥ ይከብዳል። የኢትዮጵያ ተማሪ የቅጣት ሥራን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ሽንት ቤት ማጠብ፣ ውኃ ማመላለስ፣ ሣር ማጨድ፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ በሰልፍ ፊት ወረቀት መልቀም። የእነዚህ ቅጣቶች ዓላማ ሥራው እንዲሠራ አይደለም፤ ልጁ ሲሠራ እንዲታይ ነው። «የማኅበረሰብ አገልግሎት» የሚለው ስም ለዚሁ ለቆየው ልማድ አዲስ ካባ ሆኖ ከመጣ ምንም አልተለወጠም። ይህ አደጋ የአፍሪካ ብቻም አይደለም፤ የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2014 ለትምህርት ቤቶች ባወጣው መመሪያ ቆሻሻ መልቀምና ማረምን የመሳሰሉ ሥራዎችን ከተፈቀዱ ቅጣቶች መካከል ዘርዝሯል።

ልዩነቱ የሚወሰነው ሥራው ከጥፋቱ ጋር ባለው ዝምድና ነው። ዴስክ የሰበረ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ጥገና ሠራተኛ ጋር ሆኖ ዴስክ ሲጠግን የሠራው ሥራና የፈጸመው ጥፋት አንድ ነገር ይነካሉ። የተሰበረው ይጠገናል፤ ልጁም መዶሻ መያዝ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ዴስክ ሲረገጥ ሲያይ የሚናገረው እሱ ሊሆን ይችላል። ታናናሽ ተማሪዎችን ያስጨነቀ ልጅ ግን በእነርሱ ላይ ኃላፊ ተደርጎ ቢመደብ አደገኛ ነው፤ ለእርሱ የሚሻለው በቤተ መጻሕፍት መጻሕፍትን መለጠፍና መመዝገብ፣ በዚያም ከአንድ አዋቂ ጋር በየቀኑ መነጋገር ነው። ከክፍል በተደጋጋሚ ለሚቀር ተማሪ ደግሞ አገልግሎት ራሱ ትክክለኛ መልስ ላይሆን ይችላል። ለምን እንደሚቀር ሳይጠየቅ ተጨማሪ ሥራ መስጠት፣ ጠዋት ተሸክሞ ከሰዓት የሚማር ልጅ ላይ ሌላ ሸክም መጫን ይሆናል።

ሰዓቱን ማስላት ጠቃሚ ነው። በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ቢቆጠር፣ የሦስት ቀን እገዳ 18 ክፍለ ጊዜ ያስቀራል። በዚህ ምትክ ተማሪው ከፈረቃው ውጭ በቀን ሁለት ሰዓት ለአምስት ቀን ቢያገለግል 10 ሰዓት ይሠራል፤ የሚያጣው ክፍለ ጊዜ የለም። ፈረቃ፣ የመማሪያ ክፍል እጥረት የወለደው ችግር ሆኖ ሳለ፣ እዚህ ላይ ሳይታሰብ ይጠቅማል፤ ባዶው ግማሽ ቀን አለ፤ በግማሽ ቀኑም እህቲቱ ከሥራ ሳትቀር ልጁ ቅጣቱን ይፈጽማል። አሳዳጊዋን ማነጋገር የግድ ከሆነ በእረፍት ቀኗ ወይም በስልክ ማነጋገር ይቻላል። ይህ ከሁሉም ርካሹ ማሻሻያ ሲሆን፣ የሚፈልገው የትምህርት ቤቱ ፈቃደኝነት ብቻ ነው።

ተቆጣጣሪው ማን ይሁን? የተበደለው መምህር መሆን የለበትም፤ ቁጣው ሳይበርድ የሚሰጠው ሥራ በቀል ይመስላል። ዩኒት መሪው መዝገቡን ቢይዝ፣ ሥራውን ግን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ የግቢ ጥገና ሠራተኛ ወይም ፈቃደኛ የሆነ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት አባል ቢመራው ይሻላል። ለአስተማሪዎች ይህን እንደ ተጨማሪ ግዴታ መጫን በትግራይ ሁኔታ የማይታሰብ ነው። በጦርነቱ ለብዙ ወራት ደመወዝ ሳያገኙ ቆይተው ወደ ሥራ የተመለሱ መምህራን ናቸው፤ ሌላ ያልተከፈለ ሰዓት ጠይቆ ስለ ማኅበረሰብ አገልግሎት ውበት ማስረዳት አያምርም።

ፓርኩ የቅጣት ቦታ ይሁን?

ትምህርት ቤቶቹ ለፓርኩ ቅርብ መሆናቸው አንድ የሚያጓጓ ሐሳብ ይወልዳል፤ አጥፊ ተማሪዎች ለጥቂት ቀናት ወደ ፋብሪካ ቢላኩስ? የሥራ ዲሲፕሊን ይማራሉ፣ የሙያ ጅምር ያገኛሉ፣ ፋብሪካውም «ማኅበራዊ ኃላፊነቱን» ይወጣል። ሐሳቡ በስብሰባ ላይ መልካም ይመስላል፤ ሲመረመር ግን አይቆምም።

አንደኛ፣ የፋብሪካ ሼድ ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ቦታ ነው። እዚያ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ልጅ የሚያገለግለው ማኅበረሰቡን ሳይሆን አሠሪውን ነው፤ ያ ደግሞ አገልግሎት ሳይሆን ያልተከፈለ ጉልበት ነው። ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 105 የግዳጅ ሥራን ለሥራ ዲሲፕሊን ማስከበሪያነት መጠቀምን በግልጽ ይከለክላል። ስምምነቱ የተጻፈው ለሠራተኞች ቢሆንም፣ ተማሪን «ዲሲፕሊን ይማር» ብሎ በስፌት ማሽን ፊት ማስቀመጥ መንፈሱን ይጋፋል። ሦስተኛው ምክንያት ሕግ ነክ አይደለም፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። በዚያ ሼድ ውስጥ የልጁ እህት ትሠራለች። ትምህርት ቤቱ ሥራዋን የቅጣት ቦታ ሲያደርገው ለልጁ የሚያስተምረው ስለ እርሷ ነው። በክብር ሠርታ የምታስተምረው እህት የምትውልበት ቦታ አጥፊዎች የሚላኩበት ከሆነ ልጁ ምን ብሎ ያከብራታል?

ፓርኩ በሌላ መንገድ ሊረዳ ይችላል። አሠሪዎች ለትምህርት ቤት ጥሪ በወር ጥቂት ሰዓት በፈቃድነት ቢይዙ፣ ወይም ትምህርት ቤቶች ከፈረቃ መውጫ በኋላ የሚያነጋግሩበት ሰዓት ከፓርኩ ጋር ቢስማሙ፣ የአሳዳጊዎቹ ጭንቀት ይቀላል። ይህ የገንዘብ ወጪ የማያስፈልገው ስምምነት ሲሆን፣ ተደጋጋሚ መቅረትን እንደ ዋና ችግራቸው ለሚቆጥሩ ፋብሪካዎችም ጥቅም አለው።

የአገልግሎት ክብር በትግራይ

ትግራይ ውስጥ ያለ ክፍያ ለጋራ ጥቅም መሥራት ቅጣት ሆኖ አያውቅም፤ የዜጋ ድርሻ ነው። የገጠሩ ነዋሪ በየዓመቱ የተወሰኑ ቀናትን በአፈርና ውኃ ጥበቃ ላይ በነፃ ጉልበት ሲሠራ ለአሥርት ዓመታት ኖሯል፤ እርከን ተሠርቷል፣ ተራራ ተከልሏል። የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አግኝታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ክልሉ በደረቅ መሬት ፖሊሲው የ«ፊውቸር ፖሊሲ» የወርቅ ሽልማት ተቀብሏል። ከዚህ ልማድ ውስጥ ያደገ ልጅ አባቱ በኩራት የሚሠራውን ሥራ በጥፋት ምክንያት እንዲሠራ ቢታዘዝ ግራ ይጋባል።

አገሪቱ ተማሪን በግዴታ ለአገልግሎት የማሰማራት የራሷ ታሪክም አላት። በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት፣ አብዛኞቹ በመምህርነት፣ በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ገደማ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። የመጀመሪያው በአመዛኙ በበጎ ይታወሳል፤ የሁለተኛው ትዝታ ግን የተከፋፈለ ነው፤ ብዙ ዘማቾች ጥለው ወጥተዋል፤ መንግሥት ዩኒቨርሲቲውን የዘጋው ተማሪውን ከከተማ ለማራቅ ነው ብለው ያመኑም ነበሩ። አገልግሎቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ተማሪው የተረዳው ዓላማ ውጤቱን ለየው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤት የሚበጀው አገልግሎትን የአጥፊዎች ብቻ አለማድረግ ነው። በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎትና በችግኝ ተከላ ሁሉም ተማሪ በሚሳተፍበት ግቢ፣ አጥፊው የሚሰጠው ተጨማሪ ሰዓት ከሌሎቹ ሥራ ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል፤ የሚለየው በመጠኑ ብቻ ነው። አጥፊዎች ብቻ አካፋ በሚይዙበት ግቢ ግን አካፋው ራሱ ምልክት ይሆናል።

ማስረጃውና ወሰኑ

እገዳ ጎጂ ስለመሆኑ ከሚጠቀሱት ጥናቶች ሰፊው በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት የተካሄደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ይህ ጥናት አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ መታገዳቸውን ወይም መባረራቸውን አሳይቷል። በትምህርት ቤቱ ውሳኔ በሚወሰኑ ጥፋቶች የታገዱ ተማሪዎች በቀጣዩ ዓመት ከወጣቶች የፍትሕ ሥርዓት ጋር የመገናኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ነበር። ሁኔታው ከመቐለ እጅግ የተለየ ቢሆንም የሚያመለክተው አቅጣጫ ግልጽ ነው።

አማራጮቹ ግን ሁሉን ያስተካክላሉ ማለት አይደለም። ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም በፒትስበርግ ከተማ በ44 ትምህርት ቤቶች ላይ ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በውይይትና በእርቅ ላይ የተመሠረተ አሠራር በእገዳ የሚባክኑ ቀናትን ቀንሷል፤ የትምህርት ውጤትን ግን አላሻሻለም፤ እንዲያውም በመካከለኛ ክፍሎች ውጤቱ ዝቅ ብሏል። ይህን ግኝት መደበቅ አያስፈልግም። ተማሪን በክፍል ማቆየት ብቻውን ማስተማር አይደለም፤ አብረውት የሚማሩትም የሚረበሹበት ጊዜ አለ።

ከዚህ የሚከተለው እገዳ ጨርሶ ይጥፋ የሚል አቋም አይደለም። ስለት ይዞ የመጣ ተማሪ ወይም በሴት ተማሪ ላይ ጾታዊ ጥቃት ያደረሰ ተማሪ፣ ለጊዜውም ቢሆን ከግቢ መራቅ ሊኖርበት ይችላል። የተጎዳችው ልጅ በማግሥቱ እዚያው ኮሪደር ውስጥ መጥረጊያ ይዞ ብታገኘው አገልግሎት የሚባለው ነገር ለእርሷ ሁለተኛ ጥቃት ነው። በዚህ ዓይነት ጉዳይ ሽምግልናም ቦታ የለውም፤ ጉዳዩ የፖሊስና የፍርድ ቤት ነው። ከጦርነት የተመለሱ፣ ያዩትን ያላወሩ ልጆች ደግሞ ሦስተኛ ምድብ ናቸው። በክፍል ውስጥ በድንገት የሚጮህ ወይም የሚደባደብ ልጅ እገዳም አገልግሎትም ሳይሆን የሥነ ልቦና እርዳታ የሚያስፈልገው ሊሆን ስለሚችል፣ ኮሚቴው ማንኛውንም ቅጣት ከመወሰኑ በፊት ልጁ ባለፉት ዓመታት ምን እንደደረሰበት መጠየቁ አላስፈላጊ ሥርዓት አይደለም።

ለቀሪው፣ ማለትም ለስድቡ፣ ለተሰበረው ወንበር፣ ለግቢ ድብድቡ፣ ለፈተና ኩረጃው፣ የአሥር ሰዓት ሥራ ከሦስት ቀን እገዳ የተሻለ ልክ አለው። በተግባር ሲውል የሚያስፈልገው ሰነድ አንድ ገጽ ነው፤ ጥፋቱ፣ የተመረጠው ሥራ፣ የሰዓቱ ብዛት፣ የተማሪውና የአሳዳጊው ፊርማ፣ ሥራው የተጠናቀቀበት ቀን። ገጹ በዩኒት መሪው ፋይል ይቀመጣል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ይወገዳል፤ ተማሪው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወር ወይም ከዓመታት በኋላ በፓርኩ በር ላይ የትምህርት ማስረጃውን ሲያቀርብ አብሮት አይሄድም።